ኤዲፐስን ወደ ቀበሌ ለምታመጡ ልጆች

ይድረስ ቴአትር ለመጻፍ ለምትታገሉ ልጆቼ፤

እንደምን አላችሁልኝ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት በመድረክ ሥራ ነው። ስጽፍ፣ ሳዘጋጅ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ስጨቃጨቅ ኖርኩ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝና የሰው ድርሰት አነባለሁ። ሰሞኑን የሚደርሱኝ ድርሰቶች ደግሞ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። አንዱ፣ «ጋሼ፣ ኦቴሎን በጎጃምኛ ኮሜዲ አድርጌዋለሁ፣ እስቲ ይዩልኝ» ይላል። ሌላው ሐምሌትን ወሎ ወስዶታል። ሮሜዎና ዡልየትን ድሬዳዋ ያስቀመጠችም አለች።

ሐሳቡ ደስ ይለኛል። አዲስም አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ገደማ፣ ደቡብ ኢጣልያ ውስጥ ታራስ በምትባል የግሪኮች ከተማ፣ ሪንቶን የሚባል ደራሲ ነበር። የአቴና ሰዎች ያለቀሱባቸውን ትራጄዲዎች እየወሰደ፣ በአካባቢው የዶሪክ ዘዬ መሳቂያ አድርጎ ይጽፋቸው ነበር። 38 ተውኔት ጽፏል ይባላል፤ ለእኛ የደረሱን ግን ርዕሶችና ቁርጥራጭ መስመሮች ብቻ ናቸው። ስለዚህ «ትልቅ ሥራ አረከሳችሁ» ብሎ የሚቆጣችሁ ሰው ካለ፣ ሙያው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ እንደሆነው ንገሩት።

ድርሰቶቹን ግን ብዙ ጊዜ አልወዳቸውም። አብዛኛው ጸሐፊ ዘዬውን ራሱን ቀልድ አድርጎ ያስበዋል። ባላገሩ አፉን ሲከፍት ሰው ይስቃል ብሎ ይጠብቃል። አዎ፣ ይስቃል፤ ለአምስት ደቂቃ። ከዚያ ወንበሩ ላይ መቁነጥነጥ ይጀምራል። አዳራሹ ውስጥ የጎጃም ሰው ካለማ ይቆጣል፤ ቢቆጣም እውነቱን ነው። የእናቱን አነጋገር እያጣመሙ ትኬት ሸጠውበታል።

ማሳቅ ያለበት ሰውዬው የሚናገርበት መንገድ ሳይሆን የገባበት ጣጣ ነው። ጣጣውን ደግሞ ትራጄዲው ራሱ አዘጋጅቶ አስቀምጦላችኋል። አገላብጣችሁ ማየት ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

በአንድ ሥራ ላሳያችሁ። የጥንቱን ግሪካዊ ደራሲ የሶፎክልስን ኤዲፐስ ታውቁታላችሁ። ቴብስ የምትባለውን ከተማውን መቅሠፍት መታት፤ የቀድሞውን ንጉሥ የገደለው ሰው ካልተገኘ አይቆምም ተባለ። ኤዲፐስ ገዳዩን ሳላገኝ አላርፍም ብሎ ተነሣ። ሲመረምር፣ ሲመረምር ገዳዩ ራሱ ሆኖ ተገኘ። የሞተው አባቱ፣ ያገባት እናቱ።

ጀርመናዊው ደራሲ ሃይንሪሽ ፎን ክላይስት «የተሰበረው ገንቦ» ለሚለው ተውኔቱ ከዚህ ሁሉ መከራ አንድ አጥንት ብቻ መዝዞ ወሰደ፤ መርማሪው ራሱ ጥፋተኛ ነው። ቴብስን ትቶ ኡትሬክት አጠገብ ወዳለች የሆላንድ መንደር ወረደ። ማርተ የምትባል እናት የተሰበረ ገንቦዋን ይዛ ችሎት ትመጣለች። ሌሊት አንድ ሰው ወደ ሴት ልጄ ክፍል ገብቶ፣ ሲያመልጥ ገንቦዬን ሰበረብኝ ባይ ናት። የከሰሰችው የልጅቷን እጮኛ ነው። ዳኛው አዳም ይባላል። ገንቦውን የሰበረው ግን ማን መሰላችሁ? ዳኛው ነው። በመስኮት ዘሎ ሲወርድ ተፈንክቷል፤ ያለሱ ችሎት የማይቀመጥበትን ሰው ሠራሽ ጸጉሩንም ጥሏል። በዚያው ቀን ደግሞ ከኡትሬክት ተቆጣጣሪ መጥቶ አጠገቡ ቁጭ ብሏል። ችሎቱን መዝጋት አይችል፣ መቀጠል አይችል። ጸጉርህስ የት ሄደ ሲሉት ድመት ወለደችበት ይላል።

አሁን ልዩነቱን ተመልከቱ። ኤዲፐስ አያውቅም፤ ስለማያውቅ እውነቱን ለማግኘት ይሮጣል። አዳም ያውቃል፤ ስለሚያውቅ እውነቱን ለመሸፈን ይሮጣል። ከለቅሶው ወደ ሳቁ ያሻገረው ይቺ አንዲት ለውጥ ናት። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ምስክር በምስክር ላይ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ገመዱን ያጠብቃል። እግሩ እንኳ አልቀረም። ኤዲፐስ በሕፃንነቱ እግሩ የተጎዳ ነው፤ አዳምም ቆልማማ እግር አለው። በረዶው ላይ የቀረው ዱካ እየመራ ዳኛው ቤት ያደርሳል።

አንድ ነገር እንዳያመልጣችሁ። ልጅቷ ኤቨ ሰባሪውን አይታዋለች፤ ግን አትናገርም። ዳኛው እጮኛሽ ለወታደርነት ወደ ሩቅ ምሥራቅ ሊላክ ነው ብሎ አስፈራርቷታል፤ የሚያስቀር ወረቀት እጽፍልሻለሁም ብሏታል። እዚህ ጋ ምንም የሚያስቅ ነገር የለም። አንድ ባለሥልጣን አንዲት ሴት ልጅን በወረቀት ይዟታል። ያ ፍርሃት እውነተኛ ስለሆነ ነው የዳኛው መቀባጠር የሚያስቀን። እናንተ ስትጽፉ መጀመሪያ የምታወጡት ይህንኑ ነው፤ «ኮሜዲ ነውና ጨለማውን ላቅልለው» ትላላችሁ። አታቅልሉት።

ደግሞ ይህ ተውኔት መጀመሪያ ሲታይ ወደቀ። እ.ኤ.አ. በ1808 በጀርመኗ ቫይማር ያዘጋጀው ጎተ ነበር፤ ያ ትልቅ ደራሲ። ያለ ዕረፍት በአንድ ትንፋሽ የሚሄደውን ድርሰት በሦስት ገቢር ቆራረጠው፤ ተመልካቹም ሰለቸው። ሰው ለሻይ ከወጣ የዳኛው ጭንቀት ይበርዳል፤ ተመልሶ አይሞቅም።

እንግዲህ ነገሩን ወደ ምሥራቅ ጎጃም አንድ ቀበሌ አምጡት። ገንቦው እንስራ ይሁን። ችሎቱ የቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት። ወቅቱ ክረምት፤ በበረዶው ፈንታ ጭቃ አለላችሁ። ዳኛው ጋቢውን እሾህ አጥር ላይ ጥሎ ስለመጣ በዚያ ብርድ በሸሚዝ ተቀምጧል። ተቆጣጣሪው ከወረዳ መጥቷል። ልጅቷን ዝም ያሰኛት ወረቀት ደግሞ የእናቷ የመሬት ይዞታ ደብተር ሊሆን ይችላል። የገጠር ሰው ይህን እንዲያምን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም።

እዚህ ላይ ክላይስት ያልነበረው ሀብት በእጃችሁ አለ። አገራችን ሙግትን እንደ ጨዋታ ቁጭ ብላ የምታዳምጥ አገር ነበረች። በልሃ ልበልሃ፣ ተጠየቅ የሚባለውን የአባቶቻችንን የችሎት ስልት አስቡት። ከሳሽና ተከሳሽ በግጥም ይገጥማሉ፣ ዱላ ይወዘውዛሉ፣ ውርርድ ይገባሉ፣ ታዳሚው በአንደበታቸው ይደሰታል። አንድ ሽማግሌ በዘመናዊው ችሎት ተነሥቶ በዚህ ስልት ልሟገት ቢልስ? ዳኛው ጊዜ ለመግደል ይፈቅድለታል። ሽማግሌው ግን ሳያስበው በግጥሙ መሐል ዳኛውን አንቆ ይይዘዋል። ታሪኩን ወደ ድሮ ዘመን ካራቃችሁት ደግሞ ሌባ ሻይ የሚባለው የድሮ የሌባ ማግኛ ዘዴ አለላችሁ። መድኃኒት የጠጣው ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የሚወድቀው የሌባው ደጅ ላይ ነው ይባል ነበር። ሄዶ ሄዶ ዳኛው እግር ሥር ዘጭ ይበላ!

እናትየው ደግሞ አለች። በክላይስት ድርሰት ማርተ ገንቦዋ ላይ የነበረውን ሥዕል፣ ማን ከማን እንደወረሰው፣ ከየትኛው ጦርነትና እሳት እንደተረፈ አንድ በአንድ ትዘረዝራለች። ችሎቱ አሳጥሪ ቢላትም አትሰማም። የእኛዋ እናት እኮ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ አላት። ለእንስራዋ ሙሾ ታውጣ። እንዲህ ብላ፦

የተጠማው ሁሉ ከደጅሽ ሲሞላ፣
ማን ይሆን የጣለሽ ከመስኮቱ ኋላ?

ሙሾው በትክክለኛው ዜማ፣ ለሰው እንደሚወጣው ሆኖ ይውጣ። ተዋናይዋ እያላገጠች ካወጣችው አለቀለት። ከልቧ ካለቀሰች ግን አዳራሹ ይፈርሳል። ትንሽ ነገር በትልቅ ሐዘን ሲለቀስ ነው የሚያስቀው፤ የለቅሶው ዘዬ አይደለም።

ስለ ዘዬው ካነሣሁ አይቀር፣ አንድ ወረዳ ምረጡና እዚያው ቆዩ። ጎጃሜው ገበሬ አንዴ «በልቸ» አንዴ «በልቼ» ካለ፣ አለፍ ብሎ ደግሞ ከድሬዳዋ «አቦ»ን ከተዋሰ፣ ሰውዬው የትም አገር ሰው አይደለም። ቃል ብቻ መልቀምም አይበቃም። የዚያ አገር ሰው ሲቆጣ ድምፁን ያነሣል ወይስ ዝቅ ያደርጋል? ትልቅ ሰውን እንዴት ይቃወማል? እምቢ ማለት ሲፈልግ ስንት ምርቃት ያስቀድማል? ይህን ከመዝገበ ቃላት አታገኙትም። የአገሩን ተወላጅ ልምምድ ላይ አስቀምጡ፤ ክፈሉትም። በነፃ እንዲመክራችሁ አትጠብቁ።

ጎጃም ስትሉ ዋሸራን የመሰለ የቅኔ ቤት ያለበት አገር መሆኑን አትርሱ። እዚያ ያለ ያልተማረ የሚመስል ገበሬ በአንድ ስንኝ ሰምና ወርቅ ያለብስሃል። ስለዚህ የትራጄዲውን ከፍ ያለ ቋንቋ ጥላችሁ መውረድ የለባችሁም፤ አገሩ ውስጥ ሞልቷል። መድረኩ ላይ ብልሁ ባለ ዘዬው ይሁን። ንግግሩ መሳቂያ የሚሆነው ሰው ካስፈለገ ከወረዳ የመጣው ተቆጣጣሪ አለላችሁ፤ ያ «ከዚህ አንጻር»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል» እያለ የሚያወራው።

ኢጣልያ ውስጥ ናፖሊ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ባለቅኔው ጋብሪኤሌ ዳኑንዚዮ «የዮሪዮ ሴት ልጅ» የሚል ትራጄዲ አወጣ። ታሪኩ የአብሩዞ እረኞች ታሪክ ነው። እረኞቹ ግን የሚናገሩት ጥንታዊ ቃና ባለው፣ በተራቀቀ ግጥም ነበር። የናፖሊው ኮሜዲያን ኤድዋርዶ ስካርፔታ በዚያው ዓመት መጨረሻ «የዮሪዮ ወንድ ልጅ» ብሎ ገለበጠው። ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት አደረገና ሁሉንም በናፖሊ ዘዬ አናገራቸው። የተሳቀው በናፖሊ ሰው መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። የተሳቀው እረኛን እንደ ነቢይ በሚያናግረው ባለቅኔ ነው። የባለቅኔው ደጋፊዎች መጀመሪያው ምሽት ላይ በጩኸት ትርኢቱን አቋረጡት። ከዚያ ክስ መጣ፤ ሥራ ሰርቀሃል ተባለ። ፈላስፋው ቤኔዴቶ ክሮቼ ሳይቀር በባለሙያነት ለስካርፔታ ቆመ፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ነጻ ወጣ። እስከዚያ ግን የሰውዬው ዓመታት በጭንቀት አለፉ።

ይህን ያነሣሁት በሕጉ ምክንያትም ነው። ሶፎክልስና ሼክስፒር የማንም አይደሉም፤ እንደፈለጋችሁ አድርጓቸው። የአማርኛ ትርጉሙ ግን የተርጓሚው ነው። ብዙዎቻችሁ ኦቴሎን፣ ሐምሌትን፣ ማክቤዝን የምታውቁት በጸጋዬ ገብረ መድኅን ብዕር ነው፤ ሳታውቁት ስንኞቹ ድርሰታችሁ ውስጥ ይገባሉ። በእኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410፣ ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመንና ካረፈ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። ጸጋዬ ያረፈው የካቲት 1998 ዓ.ም. ነው። ሒሳቡን ሥሩት። ወይ ቤተሰብ አስፈቅዱ፣ ወይ ከመነሻው በራሳችሁ ቃል ጻፉ።

ሁሉም ትራጄዲ ግን አይገለበጥም። ሜድያ ልጆቿን ትገድላለች፤ እሱን ተዉት። ኦቴሎ ይሆናል፤ ምክንያቱም ያ ሁሉ ጥፋት የተንጠለጠለው በአንዲት መሐረብ ላይ ነው። መሐረቡን ያነሣችው ኤሚልያ እውነቱን የምትናገረው የኦቴሎ ሚስት ዴዝዴሞና ከሞተች በኋላ ነው። አንድ ገቢር ቀድማ እንድትናገር ብታደርጓት ኮሜዲ ነው። ሮሜዎና ዡልየትም እንዲሁ፤ ደብዳቤው አለመድረሱ ነው የገደላቸው። እዚያ ላይ «ኔትወርክ የለም» የሚለውን ቀልድ ግን እባካችሁ፣ በቃኝ። ሁላችሁም ጽፋችሁታል።

ፍጻሜው ላይ ብዙዎቻችሁ ሰርግ ትደግሳላችሁ፤ እስክስታ፣ እልልታ፣ መጋረጃ። ክላይስት እንዴት እንደዘጋው ተመልከቱ። ዳኛው ሲነቃበት ከችሎቱ ሮጦ ያመልጣል፤ በመስኮት ሲያዩት እርሻ ለእርሻ ይፈረጥጣል። እጮኛሞቹ ይታረቃሉ። ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስላል። እናትየው ግን ወደ ተቆጣጣሪው ዞራ፣ መንግሥት ኡትሬክት ውስጥ የሚገኘው የት ጋ እንደሆነ ትጠይቃለች። ለምን ሲላት ይግባኝ ልትል ነው፤ ገንቦዋ ፍትሕ አላገኘማ! የእናንተም እናት ሰርጉን ትታ የእንስራዋን ነገር ትጠይቅ። ተቆጣጣሪውም ማስታወሻውን አውጥቶ ቀጠሮ ይስጣት። ለመቼ ቢቀጥራት ሰው እንደሚስቅ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።