ዱባይ ላይ የአሮጌ ላንድ ክሩዘር መለዋወጫ ለሚፈልጉ፦ ቁጥሩን ሳይዙ አይሂዱ

ጥያቄው የመጣው መንዝ ውስጥ ካለችው ከመሐል ሜዳ ነው። ጠያቂው እንግዶችን ወደ ጓሳ ጥብቅ ስፍራ የሚያመላልሱበት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ላንድ ክሩዘር አላቸው። የፊት ጎማዎቹን የሚያስነዳውን ማርሽ አስገብተው መሪውን እስከ ጥግ ሲጠመዝዙ ከግራ የፊት ጎማ ‹ቋ፣ ቋ› የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ጎማውን የፈታው መካኒክም ቢርፊልድ የሚባለው፣ ጎማው ሲታጠፍም ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው የሻፍት ጫፍ ጆይንት ማለቁን ነግሯቸዋል። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ጊዜ ገዝተው ሁለቱም አልገጠሙም። አሁን እኅታቸውን ለመጠየቅ ለ12 ቀን ዱባይ ስለሚሄዱ፣ ዕቃውን የት እንደሚያገኙት፣ አዲስ ይሻል እንደሆነ ወይስ ያገለገለ፣ በሻንጣ ይዘው መመለስ ይችሉ እንደሆነም ይጠይቃሉ።

እኔ ደብረ ብርሃን ላይ ይህንኑ ዓይነት መኪና ስፈታና ስገጥም ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ የመንዝና የአንኮበር መንገድ በፊት አክስል ላይ የሚያደርሰውንም በየሳምንቱ አያለሁ። ሁለት ጊዜ ገዝቶ ሁለቱም ያልገጠሙለት ሰው ያጋጠመው ችግር የዕቃ መጥፋት አይመስለኝም፤ ዕቃው በትክክለኛ መለያው አልተጠራም። ሻጭ ‹የላንድ ክሩዘር ጆይንት› ሲባል ከመደርደሪያው ላይ ያለውን ያወጣል፤ ላንድ ክሩዘር ግን የአንድ መኪና ስም አይደለም። ይህ ሳይስተካከል ዱባይ ቢሄዱ ሦስተኛውን የማይገጥም ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ፤ ከዚያ ደግሞ መልሶ የሚለውጥልዎት የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መሐል ሜዳ እያሉ የሚሠራ ነው። ኮፈኑን ከፍተው በሞተሩ ክፍል ውስጥ የተመታውን የብረት ሳህን በጨርቅ ይጥረጉና በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሱት። እዚያ ላይ የሞዴሉ መለያ፣ የሞተሩ ዓይነት፣ የሻንሲው ቁጥር፣ የካምቢዮውና የአክስሉ መለያ ተጽፈዋል። የሻንሲ ቁጥሩ በቀኝ የፊት ጎማ በኩል ሻንሲው ላይም ስለተመታ ሁለቱ መመሳሰላቸውን ያረጋግጡ፤ በእኛ አገር ካቢናው ከአንዱ፣ ሻንሲው ከሌላው የመጣ መኪና ብርቅ አይደለም። የነገሩኝ ዓመትና ሞተር ትክክል ከሆነ መኪናዎ ኤችዜድጄ75 ወይም የዚያው ቤተሰብ ሲሆን፣ ሞተሩ 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ ነው። ቶዮታ ይህን 70 የሚባለውን ተከታታይ ሞዴል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ በ1999 ባደረገው ትልቅ ለውጥ የፊቱን ባሌስትራ አንሥቶ ጥምዝ ሞላ አስገባበት፤ 75 የነበረውም በ78ና በ79 ተተካ። ከውጭ ሲያዩት መኪናው ያው ይመስላል፤ የፊት አክስሉ ግን ያው አይደለም። ለዓይን የሚቀለው መለያ ቸርኬው የሚታሰርበት ቡሎን ነው፤ የእርስዎ 6 ቡሎን ሲኖረው ከ1999 ለውጥ ወዲህ ያለው 5 ነው። አዲስ አበባ ላይ ካልገጠሙት ሁለቱ ቢያንስ አንዱ በዚህ ምክንያት እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ቀጥሎ ጎማውን እንደገና ያስፈቱ። ከሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወደ አየር ማረፊያ ከመሄድ በፊት ግማሽ ቀን ጋራዥ ውስጥ መዋል የሚያስቆጭ አይደለም። ጆይንቱ ወጥቶ በናፍጣ ሲታጠብ ስድስቱ ኳሶች የሚንከባለሉባቸውን ቦዮች በጣትዎ ጥፍር ይዳስሱ፤ ጥፍሩ የሚገባበት ጎድጓዳ ካለ ድምፁ የመጣው በእርግጥም ከእርሱ ነው። ቦዮቹ ልሙጥ ከሆኑ ግን ጆይንት ከመግዛት በፊት የሞዞው (ጎማው የሚታሰርበትና አብሮት የሚዞረው ክፍል) ኩሽኔታ መላላቱን ያስመርምሩ፤ እርሱም ተመሳሳይ ድምፅ ያሰማል። ከዚያ በካሊፐር የሻፍቱን ውፍረት ይለኩ፤ ጆይንቱ ውስጥ የሚገባውንም ሆነ ወደ ሎኩ (ሻፍቱን ከፊት ጎማው ጋር ወደሚያያይዘው ቁልፍ) የሚወጣውን ጫፍ ጥርሶች በኖራ ምልክት እያደረጉ ሁለት ጊዜ ይቁጠሩ፤ ቁጥሩንም ወረቀት ላይ ይጻፉ። በእርስዎ መኪና ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ወደ ቀኝ ስላጋደለ የግራው ሻፍት ረጅም፣ የቀኙ አጭር ነው፤ ሻፍትም የሚያስፈልግ ከሆነ ‹የግራ› ብሎ መጻፍ ግድ ነው።

የቶዮታ መለዋወጫ ቁጥር 10 አሃዝ ያለው ሲሆን አምስት አምስት ሆኖ በሰረዝ ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፦ 90311 የፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት)፣ 04111 የሞተር እድሳት ጓርኒሲዮን ስብስብ ነው። የቀሩት አምስቱ የትኛው መኪና፣ የትኛው መጠን እንደሆነ ይለያሉ። ቁጥሩን ለማግኘት ዱባይ መድረስ አያስፈልግም፤ የሻንሲ ቁጥሩን ይዘው የቶዮታ ወኪል የሆነውን ሞኤንኮን ቢጠይቁ ወይም አዲስ አበባ የመለዋወጫ ገበያ በሆነው ሶማሌ ተራ ውስጥ የኤሌክትሮኒክ ካታሎግ ከሚያይ ነጋዴ ዘንድ ቢቀርቡ ቁጥሩ ይወጣል። ከዚያ ቁጥሩን ለእኅትዎ አስቀድመው ይላኩላት፤ እርሷ ደውላ ዋጋውንና መኖሩን ካረጋገጠች 12ቱን ቀን ገበያ ለገበያ ሲዞሩ አይጨርሱትም። ኩሽኔታ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይቀላል። መደበኛ ኩሽኔታ ላይ የተመታው ቁጥር በዓለም ሁሉ አንድ ነው፤ 6205 የሚል ቁጥር የትም አገር ቢሆን የውስጡ ቀዳዳ 25፣ የውጭው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ፓራኦሊዮም በሦስት ልኬት ይጠራል፦ የውስጥ፣ የውጭና ውፍረት። ብዙ ሰው ‹የላንድ ክሩዘር› እያለ አጥቶት የሚመለሰው ኩሽኔታ የትራክተር መለዋወጫ ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ አግኝቼዋለሁ።

አንድ ፈተና ይገጥምዎታል ብዬ ስለምፈራ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጆይንት ሲጠየቁ ‹ለብቻው ከምትወስድ ከነዲፈረንሻሉ ውሰደው፤ ዋጋው ብዙም አይለያይም› ይላሉ፤ እውነትም ርካሽ ነው። ከአንኮበር የመጡ አንድ ደንበኛዬ በዚሁ መንገድ ከውጭ የፊት ዲፈረንሻል አስመጥተው ሌላ ቦታ አስገጠሙት። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ አልዩ አምባ ሲወርዱ የፊቱን የሚያስገባው ማርሽ ተነክሶ አልወጣ ብሏቸው፣ መኪናውን እየጎተቱ ወደ እኔ አመጡት። በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉትን ትልቁን ጥርስ ኮሮናውንና ትንሹን ፒኞኑን ፈትቼ ቆጠርሁ፤ ከኋላ ኮሮናው 37፣ ፒኞኑ 9 ጥርስ ነበረው፤ ይህም ሲካፈል 4.11 ይሆናል። የፊቱ 43 እና 11 ነበር፤ እርሱም 3.91 ነው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ያነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን ፊቱና ኋላው አንድ ላይ በተያዙ ጊዜ አንደኛው አክስል 100 ሜትር ሲሄድ ሌላው 105 ሜትር ገደማ ልሂድ ይላል፤ ያ 5 ሜትር ጎማውን በማንሸራተት ካልወጣ ሁለቱን በሚያገናኘው የማርሽ ሳጥን ውስጥ ይታመቃል። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ብዙ አይታወቅም፤ ደረቅ ድንጋይ ላይ ግን ብረቱ ይሰበራል። ስለዚህ ዲፈረንሻል በምንም ዋጋ ቢሰጥዎት የኋላውን ቁጥር ሳያውቁ አይውሰዱ፤ ጆይንት ብቻ ከፈለጉ ደግሞ ጆይንት ብቻ ይግዙ።

ዱባይ ላይ አዲስ መለዋወጫ የሚሸጡት ሱቆች በብዛት ያሉት ዴራ በሚባለው ሠፈር ነው። ያገለገለ የሚፈለገው ደግሞ ከዱባይ ጎን ባለችው ሻርጃ፣ በኢንዱስትሪ አካባቢዋ ነው፤ እዚያ የተፈቱ መኪኖች ግቢ ለግቢ ተደርድረው ያገኛሉ። የባሕረ ሰላጤው አገሮች እንደ እኛ መሪው በግራ የሆነ መኪና ስለሚነዱ ለእርስዎ ይመቻሉ። በአንጻሩ ናይሮቢ፣ እንግሊዝ፣ ጃፓንና አውስትራሊያ መሪው በቀኝ ነው፤ ከእነዚያ አገሮች የአክስል ውስጥ ዕቃ ሊገጥም ይችላል፤ የመሪ ሳጥን፣ የመሪ ዘንጎችና ዳሽቦርድ ግን ከዚያ አይገዙም። ሌላም ልብ የሚሉት ነገር አለ። በባሕረ ሰላጤው ብዙዎቹ ላንድ ክሩዘሮች የቤንዚን ሞተር ያላቸው ናቸው። ከዚያ ሞተር የወጣ ዕቃ ለ1ኤችዜድ አይሆንም፤ ከጎማ ወደ ውስጥ ያለው የፊት አክስል ክፍል ግን በቁጥርና በልኬት ከተመሳሰለ የሞተሩ ዓይነት አያግደውም። ዓርብ ጠዋት ገበያው ቀዝቃዛ ስለሆነ በዚያ ሰዓት ለመሄድ አያቅዱ። ዋጋ ሲጠይቁ 5 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ገብቶበት እንደሆነ አብረው ይጠይቁ።

አዲስ ወይስ ያገለገለ ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ እንደ ዕቃው ይለያያል። ጆይንት፣ ኩሽኔታና ፓራኦሊዮ አዲስ ይግዙ፤ እነዚህ በመፋተግ የሚያልቁ ስለሆኑ ያገለገለው ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው አይታወቅም። የማይፋተግ ነገር፣ ለምሳሌ የሞዞ ቤት፣ የመሪ እጅና የባሌስትራ ማሰሪያ፣ ስንጥቅ ከሌለበት ያገለገለው ይበቃል፤ እንዲያውም የቀድሞው የጃፓን ብረት ከአንዳንዱ አዲስ ቅጂ ይሻላል። የሐሰት ዕቃ በካርቶኑ አይለይም፤ ካርቶን ማሳተም ቀላል ነው። ብረቱን ከካርቶኑ አውጥተው ይመልከቱ። ኦሪጅናሉ ኩሽኔታ ላይ እንደ ኮዮ፣ ኤንኤስኬ ወይም ኤንቲኤን ያለ የአምራች ስም ጠርዝ ላይ ጥርት ብሎ ተቀርጾ ይገኛል፤ ፓራኦሊዮ ላይ ኤንኦኬ፣ የጎማ ሎክ ላይ አይሲን ያያሉ። ፊደሉ የደበዘዘ ወይም በቀለም ብቻ የታተመ ከሆነ፣ ጆይንቱን በእጅ ሲያጥፉት በአንዱ አቅጣጫ ከላላ በሌላው ከያዘ፣ ይተዉት። አሮጌውን ጆይንት ታጥቦና ተጠርጎ ቢይዙት ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ እንደማየት ያለ ማረጋገጫ የለም፤ ክብደቱ ሻንጣ ላይ ይጨምራል፣ ግን እኔ ብሆን እርሱን ለመያዝ ልብስ እቀንሳለሁ።

በሻንጣ ስለማምጣት ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። አየር መንገዶች ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ አንድ ሻንጣ አይቀበሉም፤ ቲኬትዎ የሚፈቅደው ከዚያ ያነሰ ሊሆን ስለሚችል አስቀድመው ይመልከቱ። ያገለገለ ዕቃ ዘይትና ነዳጅ ካለበት በፍተሻ ላይ ይቀራል፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከዚያ በካርቶን ይሁን። ጋዝ የተሞላ አሞርተዛቶርና ኤርባግ አደገኛ ጭነት ስለሚባሉ በሻንጣ አይሞክሯቸው፤ በካርጎ ይላኩ። ጉምሩክን በተመለከተ ስምዎ፣ የዕቃው ቁጥርና የተከፈለው ዋጋ በግልጽ የተጻፈበት ደረሰኝ በእጅዎ ይኑር፤ ለራስዎ መኪና እንደሆነ ለማሳየትም የመኪናውን ሊብሬ ቅጂ ይያዙ። ቀረጡን ከመሄድዎ በፊት ከጉምሩክ ኮሚሽን መጠየቅ ይሻላል፤ ዕቃውን ገዝተው ከመጡ በኋላ መጋዘን ላይ መደራደር አይበጅምና።

እስከሚሄዱበት ቀን መኪናው መሥራት ካለበት አንድ ጊዜያዊ መላ አለ። የቀኝና የግራ ጆይንቶቹ ከሻፍታቸው ተላቀው ቦታ ቢለዋወጡ፣ ወደ ፊት ሲነዱ ጫናው ኳሶቹን ባልተበላው የቦዩ ጎን ያስደግፋቸዋል፤ ድምፁም ለጊዜው ይቀንሳል። ይህ ግን ቦዩ ላልተሰነጠቀ ጆይንት ብቻ ነው፤ እንዲያ ተደርጎም ቢሆን ወደ ጓሳ ሲወጡ የፊቱን አስገብተው መሪውን እስከ ጥግ አያዙሩ።

አዲሱ መጥቶ ሲገጠም ደግሞ የአክስሉን የውስጥ ፓራኦሊዮ አብረው ያስለውጡ፤ የሁለቱንም ጎን ነው የምለው። የዲፈረንሻል ዘይት በዚያ ፓራኦሊዮ በኩል ወደ ጆይንቱ ቤት ከገባ ግራሶውን ያቀጥነዋል፤ ያረጀው ጆይንትዎም ያለቀው በዚሁ ሳይሆን አይቀርም። በጎማው ውስጠኛ ጎን ጆይንቱን ከሸፈነው ክብ ቤት ሥር የሚንጠባጠብ ቀጭን ጥቁር ዘይት አይተው ከሆነ ምልክቱ እርሱ ነው። ግራሶው ሞሊብዲነም ያለበት ጥቁሩ ይሁን፤ በኳሶቹ መካከል እስኪሞላ በእጅ እየተጫነ ይግባ። የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር እንደጨረሱ ጎማውን በክሪክ አንሥተው ከላይና ከታች ይዘው ያነቃንቁት፤ መላወስ ካለ የሞዞው ኩሽኔታ እንደገና ይጥበቅ።