ስለ ፈረንሳዮች ምን እናንብብ? የሰሞኑ ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን ስለ ፈረንሳይ መጽሐፍ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል፣ ስለዚህ ዛሬ ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ።

"በመስከረም ለትምህርት ፓሪስ ልሄድ ነው። ከመሄዴ በፊት አንድ መጽሐፍ ብቻ አንብብ ብትዪኝ የቱን ትመርጪልኛለሽ?"

ወንድሜ፣ የአኒ ኤርኖን "ላ ፕላስ" አንብብ፣ በእንግሊዝኛ "ኤ ማንስ ፕሌስ" ተብሎ ታገኘዋለህ፣ መቶ ገጽ ገደማ ስለሆነ አንድ ቅዳሜ ይበቃዋል። ኤርኖ በ2022 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ጸሐፊ ናት፣ ይሄኛው ግን በ1983 የወጣ ነው፣ ስለ አባቷ። አባትየው ኖርማንዲ ውስጥ ኢቭቶ በምትባል ትንሽ ከተማ ካፌም ሱቅም የሆነች ቤት ነበረቻቸው፣ ልጅቷ ተማረች፣ የመምህርነት ፈተናዋን አልፋ ሁለት ወር ሲሞላት አባቷ ሞቱ። አታለቅስም፣ አታጋንንም፣ ያየችውን ብቻ ነው የምትነግርህ። አባትየው የሚበሉት በኪስ ሴንጢያቸው ነው፣ ዳቦውን በትንንሹ ይቆርጡና ሳህኑ አጠገብ ያስቀምጡታል፣ ከዛ ከአይቡ ጋር እያነሱ ይበሉታል፣ ሶሱንም ይጠርጉበታል። ሰው ፊት ሲያወሩ ደሞ ቃል እንዳይሳሳቱ ይጨነቃሉ፣ ልጃቸው ታርማቸዋለች። ፓሪስ ገብተህ አነጋገርና አበላል የማን ቤት ልጅ እንደሆንክ እንዴት እንደሚያሳብቅ ስታይ ይቺ ሳህን ትዝ ትልሃለች። እኔ እዛ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን አስቀምጬ አባቴ ጋ ደወልኩ።

"ሊዮን ነው የምኖረው፣ ፈረንሳይኛዬ ገና ነው፣ ሳልሰለች ምን ላንብብ?"

"ለ ፕቲ ኒኮላ" ጀምሪ እህቴ። ጎሲኒ ጽፎት ሳምፔ ሥዕሉን የሳለው ነው፣ የልጆች ነው ብለሽ አትናቂው። ኒኮላ በራሱ አፍ ነው የሚያወራው፣ ስለዚህ ያለፈ ጊዜውን የሚናገረው ልክ ጎረቤትሽ እንደምትናገረው ነው፣ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚገኘው ያ የሚያስፈራ የግስ እርባታ አያጋጥምሽም። አልሴስት የሚባል ሁሌ የሚበላ ጓደኛ አለው፣ እጁ ቅቤ በቅቤ ነው፣ እሱን ስትከታተዪ ሳይታወቅሽ የምግቡን ቃል ሁሉ ትለቅሚያለሽ። ከሱ በኋላ የካሙን "ለትራንዤ" ሞክሪ፣ የ1942 መጽሐፍ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር አጭር ነው። ታሪኩ አልጄሪያ ውስጥ ስለሆነ የሊዮንን ኑሮ አታገኚበትም፣ ለቋንቋው ግን እስክትጨርሺው ድረስ ቀጥ ብሎ ይወስድሻል።

"ሼፍ ነኝ፣ ስለ ፈረንሳይ ምግብ የምግብ አሠራር ያልሆነ መጽሐፍ አለ?"

አለ፣ እኔ ደግሜ ደጋግሜ የማነበው! የኤሚል ዞላ "የፓሪስ ሆድ"፣ 1873 የወጣ። ሲጀምር ሌሊት ነው፣ ጎመንና ካሮት የጫኑ ጋሪዎች ወደ ፓሪስ እየተጓዙ፣ ገበሬዎቹ ጭነቱ ላይ ተኝተው፣ ፈረሶቹ መንገዱን ስለሚያውቁት ራሳቸው ይሄዳሉ። መሀል መንገድ ላይ አንድ ሰው በረሀብ ወድቋል፣ አንዲት አትክልት ሻጭ ታነሳውና አትክልቷ ላይ ታስተኛዋለች፣ እንዲህ ሆኖ ነው ሌ አል የሚባለው ትልቁ ገበያ የሚገባው፣ ምግብ እንደ ተራራ የተከመረበት ቦታ ባዶ ሆድ ይዞ። ሦስት ሴቶች አይብ መሀል ቆመው ሰው የሚያሙበት ቦታ አለ፣ ሙቀቱ ሲጨምር የአይቡ ሽታና ሐሜቱ አብረው ይከፋሉ፣ የእያንዳንዱን አይብ ሽታ ለይቶ ነው የሚጽፍልህ፣ ለሼፍ ከዚህ በላይ ምን አለ። ገበያው በ1969 ከከተማው ወጥቶ ረንዢስ ሄዷል፣ ቦታው ላይ አሁን የገበያ ማዕከልና የባቡር ጣቢያ ነው ያለው፣ አጠገቡ ያለው የሰንት ኡስታሽ ቤተ ክርስቲያን ግን እንደቆመ ነው፣ ከሄድክ እሱ ጋ ቁመህ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብብ።

"የ15 ዓመት ልጅ አለችኝ፣ የምንኖረው ከፓሪስ ወጣ ብሎ ባለ ሰፈር ነው፣ ትምህርት ቤት የሚሰጧት መጽሐፍ እሷን አይመስልም ትለኛለች።"

ልጅሽ እውነቷን ነው። "ኪፍ ኪፍ ደማ" ስጫት፣ ፋይዛ ጌን ገና በ19 ዓመቷ በ2004 ያወጣችው። ባለታሪኳ ዶሪያም 15 ዓመቷ ነው፣ እናቷ ሞቴል ውስጥ ጽዳት ትሠራለች፣ አባቷ ወንድ ልጅ ፈልጎ ሞሮኮ ሄዶ ሌላ አግብቷል፣ ሶሻል ወርከር በየጊዜው ቤታቸው ይመጣል። ኪፍ ኪፍ በዓረብኛ "ያው ነው" ማለት ነው፣ "ደማ" በፈረንሳይኛ ነገ ነው፣ "ኪፌ" ደሞ በወጣቶቹ ፈረንሳይኛ መውደድ ነው፣ ልጅቷ መጀመሪያ ነገም ያው ነው ብላ ተስፋ ቆርጣ መጨረሻ ላይ ቃሉን ወደ መውደድ ታዞረዋለች። አንቺም አብረሻት አንብቢ እባክሽ፣ የእናትየው ክፍል ለአንቺ ነው።

"በአማርኛስ?" ላላችሁ፣ የቪክቶር ሁጎን "ምንዱባን" ፈልጉ።

የመጨረሻው፣ "አዲስ መጽሐፍ ፈረንሳይ ውስጥ የትም ሱቅ ዋጋው አንድ የሆነው ለምንድነው?" ሕግ ነው። በ1981፣ በባህል ሚኒስትሩ በዣክ ላንግ ጊዜ የወጣ፣ ዋጋውን አሳታሚው ይወስናል፣ ሱቁ ከ5 በመቶ በላይ መቀነስ አይችልም፣ ትንንሾቹ መጽሐፍ ቤቶች በትልልቆቹ እንዳይዋጡ ነው። ስለዚህ ቅናሽ ፍለጋ አትንከራተቱ፣ ወይ "ፖሽ" የሚሉት ትንሹ እትም እስኪወጣ ጠብቁ፣ ወይ ያገለገለ ግዙ፣ ያገለገለውን ሕጉ አይነካውም፣ ወይ ደሞ የሰፈራችሁ ሜዲያቴክ፣ ማለት የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ገብታችሁ ተዋሱ።