የሚዘጋና የሚከፈት ጊዜ

ውድ ልጆቼ፣

ጡረታ እስክወጣ ድረስ 34 ዓመት በደብረ ብርሃን ከተማ በሒሳብ ሥራ ያገለገልሁ ሰው ነኝ። ከእናንተ መካከል ምክር ፈልገው ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት አንድ ነገር ነው፤ ዓላማ አለን፣ ኑሮ ግን ፋታ አልሰጠንም ይላሉ። ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ማኅበር አለ፣ የሚጠየቅ በሽተኛ አለ፣ አሁን ደግሞ ከእጅ የማይለይ ስልክ አለ። ሁሉን ትታችሁ ዓላማችሁን ብቻ ያዙ ብዬ ለመምከር አንደበቴ አይታዘዝልኝም። እንዲህ ብሎ የሚመክር ሰው ወይ ዘመድ የለውም፣ ወይ ለቅሶውን ሌላ ሰው ይደርስለታል።

ያደግሁት መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። በአካባቢያችን ጓሳ የሚባል ተራራማ ምድር አለ፤ በዚያ በሚበቅለው የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ጅራፍም ይሠራበታል። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በፊት የጓሳ ምድር ይጠበቅ የነበረው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነበር (ዛሬ በሌላ ትርጉም ከምትሰሙት ቃል ጋር አይምታታባችሁ)። ሕዝቡ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣል፤ ሣሩ በደንብ እስኪያድግ አካባቢው ለሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ይዘጋል፤ ጎልማሶቹ በተራ ይጠብቃሉ፤ ሣሩ ሲደርስ ደግሞ በበጋ ተከፍቶ ሁሉም ያጭዳል። ልጅ ሆኜ ግራ ይገባኝ የነበረው፣ የቤታችን ክዳን አርጅቶ እያፈሰሰ አባቴ ወደ ተራራው ወጥቶ ሣር አለማምጣቱ ነበር። ብጠይቀው «ተዘግቷል» ብቻ ይለኛል፤ ቃሉን ሲናገርም ቅር ያለው አይመስልም ነበር። የሚከፈትበት ቀን እንዳለ ያውቃል፤ መዘጋቱንም እርሱ ብቻ ሳይሆን አገር ምድሩ ያውቃል።

ይህ ነገር የገባኝ ግን ብዙ ቆይቶ ነው። በ10ኛ ክፍል ትምህርት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ፣ በማታ ትምህርት 12ኛን ጨርሼ ማትሪክ ለማለፍ ቆርጬ ተነሣሁ። በመጀመሪያው ፈተና ወደቅሁ። ጥፋቱን ሁሉ በዘመድ አዝማድ ላይ አደረግሁት፤ ለቅሶው፣ እድሩ፣ ከገጠር የሚመጣው እንግዳ መቼ አስጠናኝ እል ነበር። አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ አንጋፋ የሒሳብ ሠራተኛ ይህን ሰምቶ፣ «ደረሰኝ የሌለው ወጪ አይመዘገብም፤ እስቲ ደረሰኙን አምጣ» አለኝ። ነገሩ ስላናደደኝ ለአንድ ወር ያህል እያንዳንዱ ምሽት በምን እንዳለፈ በደብተር ጻፍሁ። ወሩ ሲያልቅ ስደምረው፣ ለቅሶና እንግዳ የወሰዱብኝ አምስት ምሽት ሲሆን፣ ከባልንጀሮቼ ጋር በአንድ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጬ ስለማላስታውሰው ጉዳይ ሳወራ ያሳለፍሁት ዐሥራ አራት ነበር። ያን ደብተር ዛሬም አልጣልሁትም።

ስለዚህ ወደ ምክሬ ስገባ፣ ከሁሉ በፊት ኑሮን ከመክሰሳችሁ አስቀድሞ መዝግቡ እላችኋለሁ። ስልክን በተመለከተ ብዙ አልናገርም፤ ደብተሩ ከእኔ የተሻለ ይነግራችኋል።

ከዚያም ከሳምንቱ ጥቂት ሰዓት ዝጉ፣ መዝጋታችሁንም ለሰው ንገሩ። እኔ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ዘጋሁ፤ ለእናቴ፣ ለባልንጀሮቼና ለቤት አከራዬ ለእትዬም ተናገርሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ሳቁብኝ፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን እንግዳ ሲመጣ እትዬ በሩ ላይ ቆመው «ዛሬ ረቡዕ ነው» ብለው ይመልሱልኝ ጀመር። ጓሳን በተራ ይጠብቁት እንደነበረው፣ የእኔንም ሰዓት ሌሎች ጠበቁልኝ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ፤ ለሰው የምትናገሩት ሰዓቱን እንጂ ዓላማውን አይሁን። ዓላማውን በየሰዉ ፊት የሚያወራ ሰው ገና ሳይጀምር ምስጋናውን ይቀበልና ረክቶ ይቀመጣል፤ እንዲህ የሆኑ ብዙ ብልህ ልጆች አይቻለሁ።

የቀሩትን ምሽቶች ደግሞ ከልባችሁ ክፈቷቸው። ለቅሶ ድረሱ፣ ጠላውን ጠጡ፣ ከአያቶቻችሁ ጋር ተጫወቱ። ሁሉን ሰዓት ለመዝጋት የሚነሣ ሰው ሁለት ሳምንት እንኳ ሲዘልቅ አላየሁም። በመሥሪያ ቤት የማውቀው በሽታ አለ፤ በጀቱ ዓመቱን ሙሉ ተኝቶ ይቆይና ሰኔ 30 ሲቃረብ ሁሉም ለመጨረስ ይሯሯጣል፤ የተገዛው ዕቃ ግማሹ መጋዘን ውስጥ አቧራ ይጠጣል። ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ የሚያጠና ተማሪም ከዚህ አይለይም።

አንድ ነገር ልጨምር። ለሁለተኛው ፈተና በምዘጋጅበት ዓመት እናቴ ታማ ለሦስት ወር ያህል አልጋ ያዘች፤ የዘጋሁት ሰዓት በሙሉ ፈረሰ። በዚያን ወቅት የጓሳ ሥርዓትም ከመሬት ዐዋጁ በኋላ ፈርሶ፣ ሣሩ ያለ ተራና ያለ ጊዜ ይታጨድ ነበር። በኋላ ግን ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ በአዲስ ደንብ መልሶ አስከበረው፤ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ይኖሩበታል። እኔም እናቴ ከአልጋዋ በተነሣች ሳምንት፣ ያለፈውን ሦስት ወር ላካክስ ሳልል፣ ረቡዕን ብቻ ለግማሽ ሰዓት ዘጋሁ። በዚያ ምሽት የጂኦሜትሪውን መጽሐፍ እንደ ገለጥሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከእንቅልፌ ስነቃ ደብተሬን አውጥቼ «ረቡዕ፤ ግማሽ ሰዓት፤ ተኝቼ» ብዬ ጻፍሁ። ዓርብ ማታ አልተኛሁም።