መጀመሪያ የተክሉን እምብርት እዩ

ውድ ልጆቼ፣

ቬነስ ፍላይትራፕ የተባለውን ነፍሳት አጥማጅ ተክል የምታሳድጉ ወጣቶች ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «አዲሱ ቅጠል ተጣሞ ወጣ፤ ምን መድኃኒት ልርጭበት?» የሚል። ዕድሜዬን የተክል በሽታና ተባይ ስመረምር ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ልለምናችሁ፤ ምንም ከመርጨታችሁ በፊት እዩ።

አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር ያዙ። ተክሉን ወደ ብርሃን አቅርቡና ቅጠሎቹ ሁሉ የሚፈልቁበትን መሃል፣ እኔ እምብርት የምለውን ቦታ መርምሩ። ስትመረምሩ በወጥመዶቹ፣ ማለትም በቅጠሎቹ ጫፍ ላይ ነፍሳት ሲነኳቸው በሚዘጉት ጥርሳም መንጋጋዎች ውስጥ ያሉትን ፀጉሮች አትንኩ። በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከተነኩ ወጥመዱ ይዘጋል፤ የታመመ ተክል ደግሞ በከንቱ የሚያባክነው ጉልበት የለውም። የጠቆረ አሮጌ ወጥመድ ብታዩ አትደንግጡ፤ እያንዳንዱ ወጥመድ ጥቂት ጊዜ አድኖ መሞቱ ተፈጥሮው ነው። የዛሬውን ጤና የሚናገረው ገና ያልተፈታው ለጋ ቅጠል ነው።

ይህን የተማርኩት ተክል ከፍዬበት ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት በእጄ የነበረ አንድ ተክል ቅጠሉ እየተጨማደደ፣ የወጥመዱ አንድ ጎን ከሌላው እያነሰ መውጣት ጀመረ። ውሃው ነው ብዬ ውሃውን ለወጥኩ፤ አፈሩ ነው ብዬ አፈሩን ለወጥኩ። ሁለት ወር አለፈ። በመጨረሻ ለጋውን ቅጠል በመርፌ ጫፍ ገለጥ ሳደርገው፣ መልካቸው ከተክሉ የማይለይ አረንጓዴ ክሽክሾች፣ የተክል ጭማቂ የሚመጡ ጥቃቅን ነፍሳት፣ ተደርድረው ተጣብቀዋል፤ አጠገባቸውም አውልቀው የጣሉት ነጭ ቅርፊት ተበትኗል። ተክሉ ሞተ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ነፍሳትን የሚበላ ተክል እንዴት በነፍሳት ይበላል ትሉ ይሆናል። ክሽክሽ ኑሮው ወጥመዱ ውስጥ ሳይሆን እምብርቱ ላይ ነው። ደግሞም ቻርልስ ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1875 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ወጥመዱ ሲዘጋ በጥርሶቹ መካከል የሚቀረው ክፍተት ትንንሾቹን ያስመልጣል። ክሽክሽ ጭማቂውን የሚመጠው ቅጠሉ ሳይፈታ ስለሆነ ጠባሳው ከቅጠሉ ጋር አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ተባዩ ካለቀ በኋላም አንድ ሁለት ጠማማ ቅጠል መውጣቱ አይቀርምና በዚያ ተደናግጣችሁ ሌላ መድኃኒት አትጨምሩ። እኔ መርዝ ከማንሳቴ በፊት ተክሉን ከነመትከያው በዝናብ ውሃ ውስጥ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን እዘፍቀዋለሁ፤ ከሳምንት በኋላ በመነጽር አይቼ ካስፈለገ እደግመዋለሁ።

ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ ምልክቱ ሌላ ነው፤ ቅጠሉ በመርፌ የተወጋ ይመስል በደቃቅ ነጠብጣብ ይገረጣል፣ ቆይቶም ስስ ድር ያደራበታል። ነጭ ወረቀት ከስር አድርጋችሁ ቅጠሉን መታ መታ ብታደርጉ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ይወድቃሉ። ይህ ፍጥረት ስምንት እግር ያለው የሸረሪት ዘመድ እንጂ ነፍሳት አይደለምና ብዙው ፀረ-ነፍሳት አይገድለውም፤ ለእሱ ተብሎ የተሠራውን መድኃኒት ፈልጉ።

ብዙ ጊዜ ግን ተባይ የለም። ጫፉ ድቡልቡል ሆኖ ወጥመድ ሳይዝ ቀጥ ብሎ የሚወጣው የአበባ ግንድ ነው። ሰፊና አጭር ቅጠል በወቅቱ ረጅምና ቀጭን ሲሆን የወቅት ለውጥ ነው፤ ረዝሞ ከተልፈሰፈሰ ግን ብርሃን አንሶታል። በቀዝቃዛው ወቅት ሦስት አራት ወር ማሸለቡም ከአሜሪካዎቹ ሰሜንና ደቡብ ካሮላይና የመጣ ልማዱ ነው። የዚያ አገሩ ረግረግ አፈር ደሃ በመሆኑ ሥሩ ማዳበሪያና ጨዋማ ውሃ አይችልም። በሊትር ከ50 ሚሊግራም በላይ ማዕድን የሟሟበትን ውሃ አታጠጡት።

የተጣመመ ቅጠል ያያችሁ ዕለት ተክሉን ለብቻው አግልሉት፤ ቀኑን መዝግቡ፣ በዕለቱ የወጣውን ለጋ ቅጠልም በክር ምልክት አድርጉበት። ከዚያ በኋላ የሚወጡት ሦስት ቅጠሎች ቀጥ ብለው ከተፈቱ፣ እምብርቱን አንድ ጊዜ በመነጽር አይታችሁ ከጓደኞቹ ጋር ቀላቅሉት።