ናንዲግራም፦ ማማታ ባነርጂ የተረቱባት ወንበር

ሰላም ወንድሜ። «ማማታ ባነርጂ በ2021 ናንዲግራም በተባለው የምርጫ ወረዳ ተሸንፈው እንዴት የሕንዷ ግዛት የዌስት ቤንጋል ዋና ሚኒስትር ሆነው ቀጠሉ?» ብለሃል። የሕንድ ሕገ መንግሥት የምክር ቤት አባል ላልሆነ ሚኒስትር ወንበር እንዲያገኝ 6 ወር ይሰጣል። እሳቸውም በዚያው ዓመት በሌላ የምርጫ ወረዳ፣ በባባኒፑር፣ ማሟያ ምርጫ አሸነፉ። አለቀ።

የናንዲግራም ታሪክ ግን አንጀት ይበላል። ወንበሩ ለብዙ ዓመታት የኮሚኒስቶች ነበር። በማርች 2007 ግን መሬታችንን ለኬሚካል ፋብሪካዎች አንሰጥም ባሉ ገበሬዎች ላይ ፖሊስ ተኮሰ። 14 ሰው ሞተ። ልጃቸውን በዚያ ቀን ያጡት ፊሮዛ ቢቢ በ2009 ማሟያ ምርጫ ለማማታ ፓርቲ ተወዳድረው ወንበሩን ወሰዱ። እናት ናቸው እኮ! በ2016 ሱቬንዱ አድሂካሪ በዚያው ፓርቲ ተመረጡ። ኋላ ወደ ተቀናቃኙ የሂንዱ ብሔርተኛ ፓርቲ ወደ ቢጄፒ ዞሩና በ2021 የቀድሞ መሪያቸውን በ1,956 ድምፅ ብቻ ረቱ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።