የፋይበር ስባሪ ጣቴ ውስጥ ገብቷል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ከቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተመርቄ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የፋይበር ኢንተርኔት ወደ መኖሪያ ቤቶች በሚዘረጋ አንድ ሥራ ተቋራጭ ዘንድ ከተቀጠርኩ አራት ወሬ ነው። ባለፈው ሳምንት በአንድ ደንበኛ ሳሎን ውስጥ ኬብል ስቀጥል አንዲት ስባሪ ሌባ ጣቴ ውስጥ ገባች። ለዓይን አትታይም፤ ስነካት ግን ትወጋኛለች። አለቃዬ «በራሷ ትወጣለች» አለኝ፤ ባልደረባዬ ደግሞ ስባሪው በደም ሥር ወደ ልብ ይሄዳል ብሎ አስፈራራኝ። መነጽር አልተሰጠንም። እንዲሁም መስመሩ ብርሃን እንዳለው ለማወቅ አንዳንዶቻችን የፋይበሩን ጫፍ በዓይናችን እናያለን ወይም በስልክ ካሜራ እንፈትሻለን። ይህስ ጉዳት አለው? (ስሜ አይጠቀስ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አስቸኳይ የሆነው የጣትዎ ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ እንጀምር። ባልደረባዎ የነገረዎት አያስጨንቅዎት፤ እንዲህ ያለ ስባሪ በአብዛኛው በገባበት ቦታ ይቆይና ዙሪያውን ያስቆጣል። አለቃዎ እንዳሉት ዝም ብሎ መጠበቅም ግን ትክክል አይደለም። ጣትዎን አይጫኑት፣ አይሹት፤ ፋይበሩ ከመስታወት የተሠራና ተሰባሪ በመሆኑ ሲጫኑት ከሁለት ተከፍሎ የበለጠ ይጠልቃል። እጅዎን በሳሙናና በውኃ ታጥበው፣ ደማቅ ብርሃን ካለበት ቦታ ተቀምጠው ጣትዎን ወደ ጎን ዘንበል ቢያደርጉት ስባሪው ብልጭ ሲል ሊያዩት ይችላሉ። ጫፉ ከቆዳ በላይ ከሆነ በአልኮል በተጠረገ ሹል ወረንጦ ይዘው በገባበት መንገድ መልሰው ወደ ውጭ ይሳቡት። ጫፉ ካልታየ፣ ወይም አንድ ሳምንት ሙሉ እንደቆየው እንደ እርስዎ ከሆነ፣ በመርፌ እየቆፈሩ ከመፈለግ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይሻላል፤ እብጠት፣ መቅላት ወይም መግል ካዩ ደግሞ ዛሬውኑ ይሂዱ። ዓይን ውስጥ የገባ ስባሪ ግን በጭራሽ በቤት የሚወጣ አይደለም፤ ሳያሹ በቀጥታ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ አዲስ ባለሙያዎች ሁሉ የሚፈሩት ብርሃኑን እንደሆነ አያለሁ። ብርሃኑን መጠንቀቅ ተገቢ ነው፤ ሆኖም በየቀኑ ሰው የሚጎዳው ስባሪው ነው። ሽፋኑ የተገፈፈ ፋይበር ውፍረቱ 0.125 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ በክሊቨር (በፋይበር መቁረጫው) ሲቆረጥ የሚወድቀው ቁራጭ ሁለት ሴንቲ ሜትር እንኳ ቢሆን ንጣፍ ላይ ካረፈ ዓይን አይለየውም። አንድ ጊዜ በበዓል ማግስት፣ ቄጠማ በተጎዘጎዘበት ሳሎን ወለል ላይ ተቀምጬ ስሠራ ሦስት ቁራጮች ወደቁብኝ፤ ያገኘሁት አንዱን ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ የቤቱ እመቤት ቄጠማውን በባዶ እጃቸው እየሰበሰቡ ሲያወጡ መዳፋቸውን ወጋቸው፤ ዕቃዬን ሸክፌ ሳልወጣ ስለነበር ፊታቸውን አየሁት፤ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ቄጠማ ወይም ምንጣፍ ባለበት ቦታ አልቀጥልም፤ ጠረጴዛ እጠይቃለሁ፣ ጠረጴዛው ላይም ጥቁር ጨርቅ አነጥፋለሁ። ጥቁር ላይ ስባሪው ያበራል።

ቁራጩን የሚጥሉበት ዕቃ ሌላው ብዙ የምንሳሳትበት ነገር ነው። ብዙዎቻችን ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ እንጠቀማለን። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ምክንያቱም በእኛ አገር የውኃ ጠርሙስ አይጣልም፤ ቁራሌው ይገዛዋል ወይም አንዲት እናት አጥባ ዘይት ትጨምርበታለች። ጠንካራ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ፣ ላዩ ላይ «የመስታወት ስባሪ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ዕቃ ይያዙ፤ ሲሞላም ክዳኑን በፕላስተር አሽገው ለመሥሪያ ቤትዎ ያስረክቡ። የቀረውን ብናኝ በጣት ወይም በመዳፍ አይጥረጉ፤ የፕላስተሩን የሚጣበቅ ገጽ ጨርቁ ላይ እየጫኑ ያንሱት።

ሥራ እንደጨረሱ እጅዎን ሳይታጠቡ ምንም አይቅመሱ። የምንበላው በእጃችን ነው፤ ደንበኛው ደግሞ «ጉርሻ እንቢ አይባልም» ብሎ ምግብ ሊያቀርብልዎ ይችላል። ጣትዎ ላይ የቀረ ስባሪ ከእንጀራው ጋር ወደ አፍዎ ወይም ወደሚያጎርሱት ሰው አፍ ይገባል። ቡና እየተፈላ ከሆነም አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፦ ፋይበሩን የምናጸዳበት አልኮል በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ፣ የአልኮሉ ጠርሙስ ከከሰል ምድጃው አጠገብ ፈጽሞ መከፈት የለበትም።

አሁን ስለ ብርሃኑ። ለቤት በሚገባው መስመር ላይ ከአገልግሎት ሰጪው ማዕከል የሚመጣው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ በአብዛኛው 1490 ናኖሜትር ነው፤ ከቤት ወደ ማዕከል የሚሄደው 1310 ናኖሜትር ነው። ዓይናችን የሚያየው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብቻ ስለሆነ፣ ጫፉ ጨለማ መስሎ ቢታይም መስመሩ ሙሉ ብርሃን ሊኖረው ይችላል። ብርሃኑ ስለማይታይ ዓይን አይጨፈንም፤ ሬቲና የሚባለው ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ክፍልም የሕመም ስሜት ስለሌለው ጉዳት ቢደርስ ወዲያው አይታወቅም። ስለዚህ አይዩ። እስካሁን በደንበኛ ቤት አንድ ሁለት ጊዜ በጨረፍታ ካዩ ግን አይደንግጡ፤ እዚያ የሚደርሰው ኃይል በጣም ደካማ ነው፣ ከጫፉ ሲወጣም ይበተናል። አደጋው የሚከፋው በማዕከል ውስጥ፣ በተለይ የብርሃን ማጉያ በተገጠመበት መስመር ላይ፣ እንዲሁም ሥራ ላይ ያለን ፋይበር በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ነው። ማይክሮስኮፑ የተበተነውን ብርሃን ሰብስቦ ወደ ዓይን ያስገባዋል።

የስልክ ካሜራ አያዋጣዎትም። የካሜራው መቀበያ የሚሠራው ከሲሊከን ሲሆን ሲሊከን ከ1100 ናኖሜትር አካባቢ በላይ ያለውን ብርሃን አይቀበልም፤ ስለዚህ ስልኩ «ምንም የለም» ቢልዎት ያ ማረጋገጫ አይደለም። ብርሃን መኖር አለመኖሩን በፓወር ሜትር፣ ማለትም የብርሃኑን ኃይል በሚለካው መሣሪያ ያረጋግጡ። ፋይበሩ የተሰበረበትን ቦታ የምንፈልግበት ቀዩ መብራትም ቢሆን ወደ ዓይን የሚደገን አይደለም።

ከፖል ላይ ኬብል የሚስቡ ከሆነም ይህን ይያዙ፦ መስታወቱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ኬብሉን የሚሸከመው የብረት ሽቦ ግን ያስተላልፋል። በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ መሰላል ከማቆምዎ በፊት ርቀቱን ያረጋግጡ።

መነጽሩን በሚመለከት፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ ለሠራተኞች ማቅረብና አጠቃቀሙን ማስተማር የአሠሪው ግዴታ እንደሆነ ይደነግጋል። ጥያቄውን ብቻዎን ሳይሆን ከባልደረቦችዎ ጋር ሆነው በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ቅጂውንም ያስቀሩ። የጣትዎ ጉዳትም በሥራ ላይ የደረሰ በመሆኑ፣ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ መቼና በምን ሥራ ላይ እንደተወጉ በካርድዎ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ።