መልስ፦ 4294967297 ለምን ፕራይም አልሆነም?

አብሽር የኮምቦልቻው ወንድሜ፣ ያለ ካልኩሌተርም ይቻላል። ፕራይም ማለት ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር የማይካፈል ሙሉ ቁጥር ነው። የጠየቅከው ቁጥር 4294967297 ማለት 2³²+1 ነው። ፈረንሳዊው የሂሳብ ሊቅ ፌርማ በዚሁ መልክ የሚገኙት 2¹+1፣ 2²+1፣ 2⁴+1፣ 2⁸+1 እና 2¹⁶+1፣ ማለትም 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537 ፕራይም መሆናቸውን አይቶ ይሄም ፕራይም ነው ብሎ ገመተ። ስዊዘርላንዳዊው የሂሳብ ሊቅ ኦይለር ግን በ1732 እ.ኤ.አ. ለ641 እንደሚካፈል አሳየ።

641 እንዲሁ በግምት የሚገኝ እንዳይመስልህ። የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ የምትሞክረው 193ን፣ 257ን፣ 449ን፣ 577ን ነው፤ ቀጣዩ 641 ነው!

እኔ የምወደው ግን ማረጋገጫውን ነው። እዚህ ደሴ ተማሪዎቼን ሳሳያቸው ዓይናቸው ይበራል። ተከተለኝ።

641 = 625+16 ነው። ስለዚህ 16 = 641−625። 2³² ደግሞ 16×2²⁸ ነው። በ16 ቦታ ስትተካ 641×2²⁸ − 625×2²⁸ ታገኛለህ። የመጀመሪያው ለ641 ይካፈላል፣ ግልጽ ነው። ሁለተኛውን ልብ በል፦ 625 = 5⁴፣ 2²⁸ = 128⁴፣ ብዜታቸው 640⁴ ነው። 640 ከ641 በ1 ብቻ ስለሚያንስ በ−1 ቦታ ይቆማል፤ (−1)⁴ ደግሞ 1 ስለሆነ 640⁴ ለ641 ሲካፈል 1 ይተርፋል። እሷ ስትቀነስ 2³² ለ641 ለመካፈል 1 ይጎድለዋል። ያቺን 1 ስትደምርለት ሞላ፣ በቃ።

ድርሻው 6700417 ነው፤ እሱም ራሱ ፕራይም ነው። ቀጣዩ 2⁶⁴+1ም ፕራይም አይደለም፤ ለ274177 ይካፈላል።